በአሜን ፈንታ

መስከረም 22

ይድረስ እናቴ ከሞተች ወዲህ እናት ለሆኑኝ ለእትዬ፤

እርስዎና ጋሼ እንደምን ከርማችኋል? ቤቱስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ የጠበቀኝ አምላክ ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ጋሼ መታመማቸውን ከሰማሁ ጀምሮ ምግብ አልበላም አልልም፤ እበላለሁ፣ ግን ምን እንደበላሁ አላውቅም። ባለፈው እሑድ ስደውል “ትንሽ ነው፣ ይሻለዋል” ብለው ስልኩን ቶሎ ዘጉብኝ። እየተነጋገርን ሳለ ከጀርባዎ አንድ ሰው ሲቆጣ ሰምቻለሁ። የተናገረው አንዲት ቃል ነው። ድምፁ የጋሼን ይመስላል፤ ጋሼ ደግሞ ተቆጥተው አያውቁም። ማን ነው እሱ?

እንደሚያውቁት እዚህ የምሠራው የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ልብስ አጠባ ላይ ነበርኩ፤ አሁን ወደ ክፍሎቹ አዛውረውኛል። ሰው አጥባለሁ፣ አገላብጣለሁ፣ አበላለሁ፣ ጢም እላጫለሁ። ጋሼ ይህን ቢሰሙ “ሙያዬን ሳላስተምርሽ ሰረቅሽኝ” ይሉኝ ነበር። እንደ እሳቸው አንድ ጎናቸውን የመታቸው ሰዎች በዙሪያዬ ሞልተዋል። ስለዚህ እውነቱን ቢነግሩኝ አልደነግጥም።

ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። እግዚአብሔር በምሕረት እጁ ይዳብሳቸው።

ልጅዎ


ጥቅምት 19

ጭራሮዬ፣ የእህቴ ዓይን፤

ጌታ በሄድሽበት ሁሉ ይቅደምሽ፤ በተቀመጥሽበትም አብሮሽ ይቀመጥ። ጭራሮ የምልሽ አሁንም እንደ ድሮሽ ቀጭን ከሆንሽ ነው፤ ወፍረሽ ከሆነ ንገሪኝና ግንድ እልሻለሁ።

ስልኩን የዘጋሁብሽ ጠልቼሽ አይደለም። ቤታችንን ታውቂዋለሽ፤ ከፊት ጠጉር ቤቱ፣ ከኋላ አንዲት ክፍል። አልጋው ያለው እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። የአጎትሽ እጅና እግር እንጂ ጆሮው ምንም አልሆነም። ስለ እሱ እሱ ፊት እንዴት አድርጌ ላውራ? ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። ስጽፍ ሲያየኝ የምገዛውን የማስታውስ ይመስለዋል።

ሰው እየላጨ ነው የወደቀው። ደንበኛው አንገቱን ሰጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጧል። አጎትሽ እንደ ልማዱ ወንጌል እየነገረው ነበር፤ ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው የት ይሸሻል? በመሀል ዝም አለ። ደንበኛው “የደነገጥኩት ዝም ሲል ነው” ይላል። ምላጩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ፣ ከዚያ ወደቀ። የሰውየው ጉንጭ ላይ ጭረት እንኳን የለበትም። ሰው ሲወድቅ እንዲህ ይጠነቀቃል?

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ብዙ ቀን ትንፍሽ አላለም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ታገስኩ። አንድ ቀን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጸልዩለት መጥተው አልጋውን ከበቡ። የሽማግሌዎቹ አለቃ፣ እነዚያ አናታቸው ላይ ምንም ያልቀራቸው፣ አጎትሽ “ገና ነው፣ አልሳሳም” እያለ በየወሩ የሚያስተካክላቸው፣ እጃቸውን ጫኑበትና “ወንድማችን ሆይ፣ በቅርብ ቀን ተነሥተህ በመካከላችን ትቆማለህ” አሉ። ሁሉም አሜን አሉ። አሜኑ ሲያበቃ አጎትሽ አፉን ከፈተ። እኔ በደስታ ልጮህ ነበር።

“ውሸት” አለ።

ጥርት አድርጎ ነው ያለው። ሰዎቹ በደንብ ያልሰሙ መስሏቸው ደግመው ጸለዩ፤ እሱም ደገመው። አንዱ ወጣት ዘማሪ ሳቁን ሳል አስመስሎ ወደ ውጭ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቃል የለውም። ውሃ ልስጥህ? ውሸት። ደህና አደርክ? ውሸት። አንድ ቀን ጨነቀኝና እወድሃለሁ አልኩት፤ በዕድሜዬ ስንቴ ብዬው አውቃለሁ መሰለሽ? ውሸት። አንቺም በስልክ የሰማሽው እሱን ነው። “ይሻለዋል” ስልሽ እሱ መልስ ሰጠሽ።

ይህ ሰው ማንንም ውሸታም ብሎ አያውቅም። ቀጠሮ ይዞ የቀረበትን፣ ዓይኑ እያየ የዋሸውን እንኳን “ረስቶት ይሆናል” ነው የሚለው። አሁን የምጠይቅሽ ገንዘብም መድኃኒትም አይደለም። ይህን የሚለው እሱ ነው ወይስ በሽታው? ዕድሜ ልኬን አጠገቡ ተንበርክኬ የጸለይኩ ሴት ነኝ። ልቡ ውስጥ ይህ ተቀምጦ ከኖረ ልወቀው። አንቺ እንዲህ ዓይነቱን ሰው በየቀኑ ታያለሽና ሳትሸፋፍኚ ንገሪኝ።

የምትሄጂበት ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ነው? ሰዎቹስ ጥሩ ናቸው? ይህንንም ጻፊልኝ።

አክስትሽ


ኅዳር 25

ይድረስ ለእትዬ፤

እግዚአብሔር ጉልበትዎን ያበርታ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፤ ስለ ጭራሮና ግንድ የጻፉት ላይ ስደርስ ስቄ ሰው ዞሮ አየኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሳነብ ግን አንጀቴን በላኝ። ግንድ አልሆንኩም፤ አሁንም ጭራሮ ነኝ።

እኔ በምሠራበት ክፍል አንዲት ልብስ ሰፊ የነበሩ ሴትዮ አሉ። በሽታው ሲመታቸው የቀረቻቸው ቃል “ማክሰኞ” የምትል ናት። ሲርባቸው ማክሰኞ፣ ሲያማቸው ማክሰኞ፣ ትራሱን ሳስተካክልላቸው ለማመስገን ማክሰኞ። “ልጅዎ መቼ ይመጣል?” ስንላቸውም ማክሰኞ ስላሉን፣ መጀመሪያ ላይ እውነት መስሎን በየማክሰኞው አጥበን፣ አበጥረን፣ ጥሩ ልብስ አልብሰን በር በሩን እያየን እንቀመጥ ነበር። በኋላ ነው ነርሷ ያስረዳችን። ንግግር የሚወጣበት ቦታ ሲጎዳ ቃል ሁሉ ይጠፋና አንዳንዴ አንዲት ትቀራለች። ሰውየው መርጦ ያስቀራት አይደለም። ልክ ቤት ሲለቀቅ ዕቃው ሁሉ ወጥቶ ግድግዳው ላይ አንድ ምስማር እንደሚቀረው ነው፤ ምስማሩ ስለ ቤቱ ሰው ምንም አይነግርዎትም።

ስለዚህ እትዬ፣ የጋሼ ቃል ምንም ማለት አይደለም። ውሃ ሲፈልጉም፣ ሲያመሰግኑዎትም፣ ሲጸልዩም የምትወጣው ያቺው ናት። እንደ ሳል ይቁጠሯት።

አሁን የሚጠቅምዎትን ልንገርዎ። ሲያገላብጧቸው ሰውነታቸውን አይሳቡ። አንሶላ ለሁለት አጥፈው ከወገባቸው በታች ያንጥፉና አንሶላውን ይሳቡ፤ አንድ ጉልበትዎን አልጋው ላይ ያሳርፉ፣ አለዚያ ወገብዎ ያልቃል። በአንድ ጎን ብዙ አያስተኟቸው። ሲላጩ የወረደውን ጉንጭ በጣትዎ ወደ ላይ ወጥረው ይያዙት። ሲያበሏቸው ደግሞ ተኝተው እንዳይሆን፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ይሄዳል። የጠጉር ቤቱ ወንበር አለ አይደል? ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይጋደማል፣ ይዞራል። እዚህ ለበሽተኛ የሚገዙት ወንበር ያንኑ ነው የሚመስለው። እዚያ ላይ ያስቀምጧቸው።

ሁሉን የሚችል አምላክ ይርዳዎት።

ልጅዎ


ጥር 6

ጭራሮዬ፤

እጅሽ ይባረክ፤ ያነሳሽው ሁሉ ይቅለልሽ።

አንሶላው ሠርቷል። የመጀመሪያ ቀን እሱን ልስብ ብዬ ራሴ ወደቅሁ፤ አሁን ግን ለመድኩት። ጀርባው ላይ የነበረው ቅላትም ጠፍቷል። መላጨትም ተማርኩ። ጉንጩን ወጥሬ ስይዝ በደህናው እጁ የእኔን እጅ ይይዝና ምላጩን ጋደል ያደርገዋል፤ አፉ ቢጠፋም ሙያው አልጠፋም። ለዚህ ብቻ እንኳን ያሳደግሁሽ ድካሜ ከንቱ አልቀረም።

ወንበሩን ግን ልንገርሽ። ጎረቤታችን ልብስ ተኳሹ እግሩን ይዞልኝ፣ እኔ ብብቱን ይዤ፣ እያረፍን አውጥተን አስቀመጥነው። ወንበሩን ሲያገኝ ደስ አለው። መደገፊያውን በእጁ ዳበሰው። ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰርኩለት፣ ልክ እንደ ደንበኛ። ከፍ አደረግሁትና ማንኪያውን ይዤ ዞር ስል መስታወቱን እያየ ነው። አንቺም ረሳሽው፣ እኔም ረሳሁት። ጠጉር ቤት መስታወት እንዳለው የሚረሳ ቤተሰብ ከእኛ በቀር የሚኖር አይመስለኝም። ከወደቀ ጀምሮ ፊቱን አይቶ አያውቅም ነበር። አፉ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ፣ አንድ ዓይኑ የወረደ ሽማግሌ ፎጣ ታስሮለት ያየዋል። ብዙ ከተያዩ በኋላ “ውሸት” አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ለራሱ።

እንደ ሳል ቁጠሪው ብለሽኛል። ያን ቀን ሳል አልመሰለኝም። መስታወቱን በአንሶላ ሸፍኜ አበላሁት።

ደብዳቤሽን ለሽማግሌዎቹ አለቃ አነበብኩላቸው፤ ማክሰኞ የሚሉትን ሴትዮም ነገርኳቸው። በደንብ ሰሙኝ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ከዚያ “እሺ እህቴ፣ አንዲት ቃል ትቅር። ግን ይህን ሁሉ ዘመን ሲጸልይ የኖረ አፍ ላይ ለምን ይህቺ ቀረች? ሃሌ ሉያ ብትቀር ምን ነበረበት?” አሉኝ። አንቺ መልስ ካለሽ ላኪልኝ።

ከዚያ ወዲህ አልመጡም። ሌላውም ቀስ በቀስ ቀረ። በሽተኛ መጠየቅ የማይሰለቸው ሰው አለ፤ “እግዚአብሔር ይማርህ” ሲል ውሸት እየተባለ የሚመላለስ ግን የለም። አንዷማ በር ላይ ቆማ “አጋንንት ይሆናል፣ ጹሚለት” ብላኝ ሄደች። እኔ ሳልጾም የዋልኩበትን ቀን ብታውቅ። እሑድ እሱ ጸሎት ይመራበት የነበረውን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጥተውታል አሉ። እኔም አልሄድኩም፤ እሱን ለማን ጥዬ?

ቤት ውስጥም ጮክ ብዬ መጸለይ ትቻለሁ። ስጨርስ አሜን የሚባልበት ቦታ ላይ እሱ ይገባበታል። ስለዚህ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ እንዳይሰማኝ ቧንቧውን ከፍቼ ነው የምጸልየው። ውሃው እንዲያ ሲንጫጫ እግዚአብሔርም የሚሰማኝ አይመስለኝም።

ማክሰኞ የሚሉት ሴትዮ ተሻላቸው? ሌላ ቃል ተመለሰላቸው? ይህን ጻፊልኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ጥያቄ ዘልለሽዋል፤ ረስተሽው ይሆናል።

አክስትሽ


መጋቢት 3

ይድረስ ለምወድዎ እትዬ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ለእርስዎና ለጋሼ ይብዛ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሁለት ሠራተኞች ለቀው የእነሱን ክፍል ደርበን ስለምንሠራ፣ ቤቴ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምተኛው። ስለ መስታወቱ ሳነብ በጣም አፈርኩ። ወንበሩን እንጂ ፊት ለፊቱ ያለውን አላሰብኩም። እኛ ጋ ያለው ወንበር መስኮት ነው የሚያየው።

ማክሰኞ የሚሉት ሴትዮ ከእኛ ክፍል ተዛውረዋል። ስለዚህ አሁን ስላሉበት ሁኔታ ብዙ የማውቀው የለም።

ሌላ ነገር ግን ልንገርዎ። ንግግር የጠፋባቸው ሰዎች አንዳንዶቹ መዝፈን ይችላሉ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር የነበሩ ሽማግሌ አሉ፤ የገዛ ስማቸውን መናገር አይችሉም። የልጅነታቸውን ዘፈን ስንጀምርላቸው ግን ቃል ሳይስቱ እስከ መጨረሻው ይወርዱታል። ዘፈን በሌላ በር ነው የሚወጣው ትላለች ነርሷ። ጋሼ ጠዋት ጠጉር ቤቱን ሲከፍቱ የሚዘምሩት መዝሙር ነበር፣ “መብራቱን አላጠፋም” የሚለው። እሱን ይጀምሩላቸውና መሀል ላይ ያቁሙ። ቀጣዩን ቃል እሳቸው እስኪሉት ይጠብቁ። አይቸኩሉ።

ውሃ ሲጠጡ ካሳላቸው ውሃ የሚያወፍር ዱቄት ልኬልዎታለሁ። ትንሽ ነስንሰው ያማስሉትና በማንኪያ ይስጧቸው። ለጀርባቸው የሚሆን ቅባትም አለበት። ተስፋ አይቁረጡ፣ ለእግዚአብሔር የሚሳነው የለም።

ልጅዎ


ሚያዝያ 1

ጭራሮዬ፤

ጌታ ድካምሽን ይቁጠርልሽ። እባክሽ ጫማሽን አውልቀሽ ተኚ።

ዘመርኩለት። ድምፄን ታውቂዋለሽ፤ መዘምራን ልገባ ሄጄ “እህታችን፣ አንቺ በጸሎት ብታግዢን” የተባልኩ ሴት ነኝ። ጎረቤት ሰው ሞተ ብሎ እንዳይሰበሰብ በሩን ዘጋሁ። “መብራቱን አላጠፋም” ብዬ አቆምኩ። አጎትሽ በደህናው ወገኑ ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ በድምፄ ቢሆንም ምን ገዶኝ። ደግሜ ጀመርኩና አቆምኩ። ቀጥሎ ያለው “እስክትመጣ” የሚለው ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

“ውሸት” አለ።

በማግስቱም ሞከርኩ፤ በሳምንቱም ሞከርኩ። በመጨረሻ መዝሙሩን ጀምሬ ሳቆም እኔው ራሴ በልቤ ውሸት ማለት ስጀምር ተውኩት።

ዱቄቱ ደርሷል። ውሃው ወፍሮም ያስለዋል። ሐኪሙ መጥቶ አየውና “ከዚህ በኋላ ወደ ሆስፒታል ባታመላልሱት ይሻላል” አለኝ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም። ምግብ ባነሰን ቁጥር “የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም” እያልኩ ነው ያሳደግሁሽ። አሁን ምግቡ አለ፤ እምቢ ያለው ጉሮሮው ነው። ይህቺን አባባል ምን እንደማደርጋት አላውቅም።

ማክሰኞ የሚሉት ሴትዮ ሞተዋል። አልነገርሽኝም፣ ግን ሞተዋል። ልጅ ሳለሽ ድመታችን የሞተች ጊዜ “ጎረቤት ሄዳለች” ብዬሽ ስንት ቀን በር ላይ ወተት ይዘሽ ጠበቅሻት። ዘዴውን የተማርሽው ከእኔ ነው፤ ስለዚህ አልቆጣሽም።

ሌላም ነገር አይቻለሁ። ደብዳቤዎችሽን አልጋው ላይ ደርድሬ አንድ ላይ አነበብኳቸው። አናታቸው ላይ እግዚአብሔር አለ፣ ግርጌያቸው ላይ እግዚአብሔር አለ። መሀላቸው ላይ የለም። ከዚህ ስትሄጂ እንዲህ አልነበርሽም፤ ቤት የጠፋ መርፌ እንኳን ጸልየሽ ነበር የምትፈልጊው። ቤተ ክርስቲያን ሄድሽ አልሄድሽ ብዬ አልጨቀጭቅሽም፤ ለቁጣም አቅም ያስፈልጋል። እኔ ግን እስካሁን የቆምኩት እዚያ ማዶ አንዲት ልጅ ትጸልይልናለች እያልኩ ነው። የእኔ አልቆ የእሷ አለ እያልኩ። ትጸልያለሽ ወይስ አትጸልዪም? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

አክስትሽ


ግንቦት 8

እትዬ፤

ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ። ያን ካሉኝ በኋላ እንደገና ልጽፈው አልቻልኩም።

አልጸልይም።

መጀመሪያ ላይ እጸልይ ነበር። ገላቸውን ሳጥባቸው፣ ለእያንዳንዳቸው፣ በስማቸው። እንዲድኑ አልነበረም የምጸልየው፤ ሽማግሌ እንደሚሞት አውቃለሁ። ከመሞታቸው በፊት አንድ የእነሱ የሆነ ሰው እንዲመጣላቸው ብቻ ነበር። ይህ ለእግዚአብሔር ብዙ ነው? ከባድ ነው? አንዱ ሲሞት ለሌላው እጸልይ ነበር፤ እሱም በር በሩን እያየ ይሞታል። ማክሰኞ የሚሉት ሴትዮ የሞቱት እጃቸው እጄ ውስጥ ሆኖ ነው። እስከ መጨረሻው ማክሰኞ እያሉ ነበር። ቃሏ ምንም ማለት እንዳልሆነች የማውቀው እኔ፣ ያን ቀን ዞር ብዬ በሩን አየሁ። ልጃቸው የመጣው ለቀብር ነው። ከዚያ ወዲህ አፌን ስከፍት ምንም አይወጣም። ጋሼ አንዲት ቃል ቀርታቸዋለች፤ እኔ ያቺም የለችኝም።

አሁንም አጥባቸዋለሁ፣ አበላቸዋለሁ። ቀስ አድርጌ ነው የምይዛቸው፤ በዚህ እንዳያዝኑብኝ። ግን እዚህ ባለች ጸሎተኛ ተመክተው አይቁሙ። የለችም። ይህን ከምጽፍልዎ እጄ ቢታሰር ይሻለኝ ነበር፤ ሳትሸፋፍኚ ብለው ስለጠየቁኝ ነው።

ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ከሄድሽ በቦታሽ ሌላ ሰው እንቀጥራለን አሉኝ። ነይ ካሉኝ ግን ሥራው ይቅርብኝና እመጣለሁ።

ልጅዎ


ሰኔ 19

ጭራሮዬ፣ የእህቴ ዓይን፤

እኔም ሰላምታውን ልዘል ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ በምትገቢበት ክፍል ሁሉ ጌታ ካንቺ ቀድሞ ይግባ።

አትምጪ። ብትመጪ ሁለት ሆነን እናለቅሳለን እንጂ የምትለውጪው ነገር የለም፤ እነዚያ ሽማግሌዎች ደግሞ ቀስ ብሎ የሚይዛቸውን ሰው ያጣሉ። ሳልበሳጭ ነው የምጽፍልሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን ተበሳጭቼ ነበር፤ የሆነውን ልንገርሽ።

ጠዋት ነው። ልለውጠው አንሶላውን ስስብ ወገቤ ቀጭ አለና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። መነሣት አቃተኝ። እሱ አልጋው ላይ ግማሹ እርጥብ፣ ግማሹ ደረቅ፤ እኔ መሬት ላይ፣ ጀርባዬን አልጋው ላይ አስደግፌ። ደብዳቤሽ ከዋዜማው ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ነበር። አወጣሁትና ጮክ ብዬ አነበብኩት። ስለ እሱ እሱ ፊት አላወራም ያልኩትን ያን ቀን አፈረስኩት። አንብቤ ስጨርስ እንዲህ አልኩት፦

“ሰማህ? ልጅህ አትጸልይም። እኔም የምጸልየው ለቧንቧ ነው። ቤተ ክርስቲያንህም ቦታህን ለሌላ ሰጥታለች። እግዚአብሔር ትቶናል።”

በሕይወቴ ይህን ተናግሬ አላውቅም፤ እናትሽን የቀበርኩ ቀን እንኳን አላልኩም። ከአፍ የወጣ አፋፍ የወጣ ነውና ልመልሰው ብል አይመለስም። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ መሬት መሬት አየሁ።

“ውሸት” አለ።

ድምፁ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ውሃ ልስጥህ ስለው በሚልበት ድምፅ ነው ያለው። ዞሬ አላየሁትም። ብዞር ዓይኑ ዝም ብሎ ጣሪያ ሲያይ ባገኘውስ ብዬ ፈራሁ። እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። አለቀስኩ ስልሽ፣ ልብስ ተኳሹ ድምፄን ሰምቶ ካውያውን እንደያዘ ነው የመጣው። እሱ አነሣኝ፤ አንድ ላይ ሆነን ለወጥነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ቧንቧ አልከፍትም። አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ እጸልያለሁ። መንበርከክ አልችልም፣ ወገቤ እምቢ ብሏል። ረጅም አይደለም፤ ዛሬን አሳልፈን ነው፣ ልጅቷን አስባት ነው። ስጨርስ እሱ ያቺን ቃሉን ይላል፤ እኔ ቀጥዬ አሜን እላለሁ። በየቀኑ የምንጸልየው እንዲህ ነው። ሽማግሌዎቹ ቢሰሙን ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይፍቁን ነበር። መስታወቱንም ገልጬዋለሁ፤ አሁን አያስደነግጠውም፣ ወይ አያየውም።

አልተሻለውም። እንዳትሳሳቺ። የሚውጠው አንድ ማንኪያ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። ጠዋት ጠዋት እግሩ ይቀዘቅዛል፤ ባሸውም ቶሎ አይሞቅም። ሰውነቱ አልቆ አሁን ያለ አንሶላም አገላብጠዋለሁ። ይነሣል ብዬ አይደለም የምጸልየው። ያ ተስፋ አልቋል፤ አንቺንም እንደዚያ ብለሽ ጸልዪ አልልሽም። ይልቅ እኔ ለአንቺ እጸልያለሁ፤ ማዶ ያለችው ጸሎተኛ ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ፤ ከቻልሽ ተመኪብኝ።

ስለዚህ የምጠይቅሽ ሌላ ነው። ቀኑ ሲቀርብ በምን ይታወቃል? ትንፋሹ እንዴት ይሆናል? ያን ጊዜ ውሃ ልስጠው ወይስ ከንፈሩን ብቻ ላርጥብለት? ያመዋል? ዓይኑን እንዴት አድርጌ ልክደንለት፣ አገጩስ በምን ይያዛል? ያ የተጣመመው ወገን በኋላ ይስተካከል ይሆን? እዚህ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ፤ ሁሉም “እግዚአብሔር ያውቃል” ይለኛል። አንቺ በእጅሽ ሠርተሽዋልና ሳትሸፋፍኚ፣ አንድ በአንድ ጻፊልኝ። ቶሎ ጻፊ።

ያቺ ቃል ምንም ማለት እንዳልሆነች ነግረሽኛል። አልረሳሁትም፤ ደብዳቤሽ እዚሁ ነው። ምስማር ናት፣ ሳል ናት። ለሽማግሌዎቹ ስትወጣ ምንም ካልነበረች፣ ለእኔም ስትወጣ ምንም አልነበረችም። አሮጊት ብሆንም ይህ ይገባኛል። ብትጽፊልኝም ትክክል እንደምትሆኚ አውቃለሁ።

የቀረውን ሁሉ አስረጂኝ። እሷን ግን ተዪልኝ።

አክስትሽ